ቀለሙ ይቅደም፦ ለንድፍ፣ ለቁም ጽሕፈትና ለዕለት ማስታወሻ የሚሆን ብዕርና ማርከር

በጎንደር ዘመን የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የጽሕፈቱን ጥቁረት ነው። እርጥበት፣ የዕጣን ጢስና የብዙ አንባቢ ጣት አልፎበት እንኳ ፊደሉ ትናንት የደረቀ ይመስላል። በሌላ በኩል ደግሞ መስኮት አጠገብ የተለጠፈ የልጅ ሥዕል ዓመት ሳይሞላው ሐምራዊው ወደ ግራጫ ሲሄድ፣ ቢጫውም ከወረቀቱ ጋር ሊመሳሰል ሲቃረብ ብዙዎቻችን አይተናል። ይህን ልዩነት ያመጣው የብዕሩ ጫፍ ቅጥነት ወይም የፋብሪካው ስም አይደለም፤ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ነው።

ስለ ብዕር ምርጫ የሚሰጠው ምክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጫፍ ይጀምራል። ይህ ቀጭን ነው፣ ያ ወፍራም ነው፣ ያኛው እንደ ብሩሽ ይተጣጠፋል ይባላል። ሱቅ የገባ ሰውም በዚያው መንገድ ይገዛል፤ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞነጭርና ከወደደው ይከፍላል። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥራው ስንት ዓመት እንዲቆይ ይፈለጋል የሚለው ሲሆን፣ ይህን የሚወስነው ቀለሙ ነው። ቀጥሎ የሚጻፍበት ወረቀት ይመጣል። ጫፉ ሦስተኛ ነው። ገበያ ላይ ያሉትን ዋና ዋና ዓይነቶች በዚህ ዓይን እናያቸዋለን፤ በተለይ በራሳችን ፊደል ለሚጽፍ ሰው የሚበጀውን እየለየን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥላሸትና ሟሚ ቀለም

ቁም ጸሐፊ ጥቁር ቀለሙን የሚያዘጋጀው ከጥላሸት ነው። ከድስት ቂጥ ወይም ከኩራዝ የተጠረገ ጥላሸት፣ እስኪከስል የተቆላ እህል፣ ማያያዣ የሚሆን ሙጫና ውኃ ተደባልቆ፣ ተፈጭቶና ተቦክቶ ለወራት ይቀመጣል። አሠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም መሠረቱ ካርቦን ነው። ካርቦንን ብርሃን አያፈዘውም፣ ውኃም አያሟሟውም። ሙጫው ሲደክም ከብራናው ሊረግፍ ይችላል እንጂ እየነጣ አይሄድም።

የዛሬዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ስኳር በሻይ እንደሚሟሟ ሁሉ በውኃ ወይም በአልኮል ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟ ነው። ሁለተኛው የማይሟሟ፣ እጅግ የላመ ዱቄት ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ ይሄድና ፈሳሹ ሲተን እሱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በብዕሮቹ ላይ ፒግመንት ተብሎ የሚጻፈው ይህኛው ነው። ብርሃን የሟሚውን ቀለም ሞለኪውሎች በቀላሉ ያገኛቸውና ያፈርሳቸዋል። የዱቄቱ ቅንጣት ግን ውጫዊው ክፍል ቢጎዳም ውስጡን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ቶሎ አይደፈርም።

የሟሚው ጥቅም አይካድም። ደማቅ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጫፍ አይደፍንም። ዱቄት በቀጭን ጫፍ ውስጥ ማሳለፍ ለፋብሪካዎች አስቸጋሪ ሆኖ የኖረውም ስለሚደፍን ነበር። የኦሳካው ሳኩራ ኩባንያ ፒግማ ብሎ የሰየመውን ቀለም በ1982 አወጣና ዱቄቱን በቃጫ ጫፍ ውስጥ እስኪያልፍ ድረስ አላመው። ዛሬ ፒግማ ማይክሮን፣ የጀርመኑ ስቴድለር ፒግመንት ላይነርና የጃፓኑ ዩኒ ፒን ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው፤ እንዲህ ያለው ባለ ቃጫ ጫፍ ቀጭን ብዕር ፋይንላይነር ይባላል። በነዚህ ብዕሮች ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን ነው፤ ቁም ጸሐፊው ከኩራዙ የጠረገው ያው ነገር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ቀለም ፍለጋ ለእኛ አዲስ ጥያቄ አይደለምና።

ሟሚ ቀለም ምን ያህል እንደሚከዳ ለማየት የቫን ጎግን የብዕር ንድፎች ማስታወስ ይበቃል። በ1880ዎቹ ከሠራቸው አንዳንዶቹ በወቅቱ አዲስ በነበረው ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም የተነደፉ ነበሩ፤ ዛሬ ቡናማ ሆነዋል። ሠዓሊው የመረጠውን ቀለም እኛ አናየውም።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የብዕሩ ቀፎ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ፒግመንት የሚለው ቃል ካለ ጥሩ ነው። ውኃ የማያስለቅቀው መሆኑ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ውኃ የማይነካው፣ ብርሃን ግን የሚያጠፋው ቀለም ብዙ አለ። ለሰነድ የሚሆን እስክሪብቶ የሚፈልግ ሰው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥሮችን ቢፈልግ ይጠቀማል፤ ለተራው እስክሪብቶ 12757-2፣ ለፈሳሽ ቀለም ባለ እንክብል ብዕር 14145-2፣ ለጄል 27668-2 ናቸው። መጨረሻ ላይ ያለችው 2 ለሰነድ ጽሕፈት ተፈትኖ ማለፉን ታመለክታለች።

አንድ ዓይነት ብዕር በተለይ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ፓይለት ፍሪክሽን የሚባለውና እሱን የመሰሉት ተሰርዘው ዳግም የሚጻፍባቸው እስክሪብቶዎች ቀለማቸው የሚጠፋው በሙቀት ነው። ጀርባው ላይ ያለው ላስቲክ ሲፋተግ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ቀለሙ መልኩን ያጣል። ለተማሪ ረቂቅና ለቀጠሮ ደብተር ግሩም ፈጠራ ነው። ነገር ግን በድሬዳዋ ወይም በዱባይ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና መስታወት ሥር የተተወ ደብተር ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ውል፣ ደረሰኝ፣ ፊርማ፣ የልደት ቀን፣ የአያት የሕይወት ታሪክ በዚህ ብዕር ፈጽሞ አይጻፍም።

የማያምን ሰው ቤቱ ሊፈትን ይችላል። በአንድ ወረቀት ላይ ባለው ብዕር ሁሉ አንዳንድ መስመር ያስምር፣ በየመስመሩ ጎን የብዕሩን ስም በእርሳስ ይጻፍ። ከዚያ ግማሹን ወረቀት በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኖ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለሦስት ወር ይለጥፈው። ፎይሉ ሲነሳ የሚታየው ነገር ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል። ሮዝ፣ ሐምራዊና ደማቅ ቢጫ ብዙ ጊዜ ቀድመው ይወድቃሉ።

ወረቀቱ

ወረቀት በግራም ይመደባል፤ አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት እንደሚመዝን ማለት ነው። የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፣ የውኃ ቀለም ወረቀት 300 ግራም ይደርሳል። ብዙ ሰው ግራሙ ከፍ ካለ ቀለም አያሳልፍም ብሎ ያስባል፤ ሁልጊዜ ግን እንዲያ አይደለም። ወሳኙ ወረቀቱ ሲሠራ ቀለም ቶሎ እንዳይመጠጥ የሚጨመርበት ማሸጊያ ነው። ቶሞኤ ሪቨር የሚባለው የጃፓን ወረቀት 52 ግራም ብቻ ሆኖ የብዕር ቀለም በአስደናቂ ሁኔታ ይሸከማል፤ ከእሱ በእጥፍ የሚከብድ ርካሽ ወረቀት ደግሞ ቀለሙን ይጠጣውና ፊደሉ ዙሪያውን ፀጉር ያበቅላል።

ከዚህ የተነሣ አዲስ ደብተር ሲገዛ የመጨረሻው ገጽ ለፈተና መተው አለበት። ያሉት ብዕሮች ሁሉ እዚያ ላይ ይሞከራሉ፤ ጀርባው ይታያል፣ በእርጥብ ጣት ይታሻል። ደብተሩ የሚቀበለው ብዕር የትኛው እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል።

እስክሪብቶ

ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ የእንክብል ብዕሩን የፈጠራ መብት በ1938 አስመዘገበ፤ ከዚያ በአውሮፓ ጦርነት ሲያንዣብብ አርጀንቲና ተሰዶ ሥራውን እዚያ ቀጠለ። ማርሴል ቢክ በ1950 መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ገበያ ላይ ያዋለው ቢክ ክሪስታል ደግሞ የዓለምን ተማሪ ሁሉ እጅ ያዘ፤ የኛንም ጭምር። ጫፉ ላይ ያለችው እንክብል ከቱንግስተን ካርባይድ የተሠራች ናት፤ ስፋቷ 1 ሚሊ ሜትር ነው። በክዳኑ አናት ላይ ያለው ቀዳዳ በ1991 የተጨመረ ሲሆን ክዳኑን የዋጠ ልጅ አየር እንዲያገኝ የታሰበ ነው።

የሥዕል ሰዎች እስክሪብቶን መናቃቸው ትክክል አይመስለኝም። ቀለሙ ዘይት ያለው ወፍራም ስለሆነ ለእጅ ክብደት መልስ ይሰጣል፤ በቀላሉ ሲነካ ግራጫ፣ ሲጫኑት ጥቁር ይሆናል። ፋይንላይነር ይህን አያደርግም። ቀራፂውና ሠዓሊው ጃኮሜቲ ብዙ ንድፎችን በእስክሪብቶ ሠርቷል፤ መስመር ላይ መስመር እየደራረበ ፊትን ከወረቀቱ ሲያወጣ ማየት ለጀማሪ ትምህርት ነው። ካርቦን ባለው ደረሰኝ ላይ ደግሞ ተተኪ የለውም፤ ሦስተኛው ቅጂ ድረስ የሚደርስ ጫና የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ድክመቱ ብዙዎቹ፣ በተለይም ሰማያዊዎቹ፣ በብርሃን መፍዘዛቸው ነው። በእስክሪብቶ የተሠራ ንድፍ በመሳቢያ እንጂ በግድግዳ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር መባል አለበት። እስክሪብቶና ጄል ላይ የሚጻፈው ቁጥር የእንክብሏ ስፋት ነው፤ 1.0 የሚል እስክሪብቶ የሚያወጣው መስመር ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ፋይንላይነር ላይ ግን ቁጥሩ የመስመሩን ስፋት ሊያሳይ የታሰበ ነው፤ እሱም በፋብሪካው ይለያያል። ማይክሮን 005 የሚለው 0.20 ሚሊ ሜትር፣ 01 የሚለው 0.25፣ 05 የሚለው 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱን ኩባንያ 05 ከሌላው 0.5 ጋር አንድ አድርጎ የገዛ ሰው ልዩነቱን ወረቀት ላይ ያየዋል።

ፋይንላይነር ለንድፍ

ከፋይንላይነር በፊት የቀጭን መስመር ጌታ ራፒዶግራፍ ነበር፤ የሮትሪንግ ኩባንያ በ1953 ያወጣው ባለ ቱቦ ጫፍ ብዕር። የምህንድስናና የሕንፃ ነዳፊዎች 0.25፣ 0.35፣ 0.5፣ 0.7 እያሉ በስፋት የለዩት የመስመር ሥርዓት ከዚያ ዘመን የቀረ ነው፤ እያንዳንዱ ስፋት ከቀዳሚው በ1.4 ገደማ እጥፍ ስለሚሰፋ ንድፉ ሲያድግም ሲያንስም መስመሮቹ ይጣጣማሉ። ለሠዓሊም ይህ ጥሩ ምክር ይሰጣል፤ 0.2፣ 0.3፣ 0.4፣ 0.5 ብሎ አራት የተጠጋጉ ብዕሮችን ከመግዛት 0.2ና 0.5 ብቻ ይዞ ልዩነታቸው ለዓይን እንዲታይ ማድረግ ይሻላል።

የፋይንላይነር ጫፍ ደካማ ነው። ሻካራ ወረቀት ይበላዋል፣ ከባድ እጅ ወደ ውስጥ ይቀብረዋል። እርሳስ ላይ ደጋግሞ የሚሄድም የእርሳሱ ዱቄት ይደፍነዋል። በላዩ የውኃ ቀለም ወይም የአልኮል ማርከር ለሚቀባ ግን ከእሱ የሚበልጥ የለም፤ ፒግመንት ከሆነና ጥቂት ደቂቃ ከደረቀ አይለቅም።

ቁም ጽሕፈት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆም እፈልጋለሁ፤ ለፊደላችን የሚሆን ብዕር ለሚፈልግ ሰው የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ ነውና።

በብራና መጻሕፍታችን፣ በተለይም ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በዳበረው ጉልህ ጽሕፈት፣ ቋሚው ጭረት ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። የመ ሁለት ሆድ፣ የለ ሁለት እግር፣ የተ ምሰሶ ክብደታቸውን ከዚያ ያገኛሉ። ይህን የሚያወጣው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆረጠ መቃ ብርዕ ነው። ዛሬ ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ብዕር ሲገዛ አብሮት የሚመጣው መመሪያ ግን ጫፉን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብሎ መያዝን ያስተምራል፤ ለላቲኑ ጽሕፈት ትክክል ነው። በ2.4 ሚሊ ሜትር ጫፍ 45 ዲግሪ ተይዞ ቢጻፍ ቋሚውም አግዳሚውም 1.7 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ፊደላችን እንደዚያ ሲጻፍ የቆመ አይመስልም፣ ሁሉ ነገሩ እኩል ይከብዳል። በዚያው ጫፍ 10 ዲግሪ ብቻ ዘንበል አድርጎ፣ ጫፉን ከመስመሩ ጋር ሊተኛ እስኪቃረብ ይዞ የጻፈ ሰው ግን ቋሚው 2.4 ገደማ፣ አግዳሚው 0.4 ሚሊ ሜትር ይወጣለታል። ብራናው ላይ ያለውን ያገኛል። ብዕር ሳይቀይር፣ አያያዙን ብቻ ቀይሮ።

ለዚህ ሥራ አሁን ካሉት የማደንቀው ፓይለት ፓራሌልን ነው። ጫፉ ሁለት ጠፍጣፋ የብረት ሰሌዳዎች ተጠጋግተው የተቀመጡበት ነው፤ ቀለሙ በመካከላቸው ይወርዳል፤ 1.5፣ 2.4፣ 3.8ና 6.0 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን ማግኘት ይቻላል። ጠርዙ ሹል ስለሆነ አግዳሚው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የፊደሉን ቁመት በተመለከተ የጫፉን ስፋት ስድስት እጥፍ እመርጣለሁ፤ በ1.5 ጫፍ 9 ሚሊ ሜትር፣ በ3.8 ጫፍ 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ሲያጥር ቀለበቶቹ ይደፈናሉ፤ ሲረዝም ፊደሉ ይቀጭጫል። ከብዕሩ ጋር የሚመጣው ቀለም ሟሚ መሆኑን ግን አይዘንጉ፤ ለልምምድ ይሁን እንጂ ለሠርግ ጥሪ ወይም ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ጽሕፈት አይደለም።

ብሩሽ ብዕር ሌላው መንገድ ነው። የጃፓኑ ኩሬታኬ በ1973 ያወጣው ዓይነት ብዕር ዛሬ በብዙ ኩባንያ ይሠራል፤ ለጀማሪ የቶምቦ ፉዴኖሱኬ ጠንካራ ጫፍ ያለው ከሁሉ ይቀላል። የላቲኑ ትምህርት ወደ ታች ሲወርዱ ተጫን፣ ወደ ላይ ሲወጡ አቅልል ይላል። እኛ ወደ ታች ተጫን፣ ወደ ጎን አቅልል ብለን እንወስደዋለን። ግን ወደ ጎን የሚሄደው ጭረት እስኪጠፋ መቅለል የለበትም። በሸና በሰ፣ በቸና በተ፣ በኘና በነ፣ በጀና በደ መካከል ያለው ልዩነት አናቱ ላይ ያለች ቀጭን አግዳሚ ናት። ብሩሹ ደርቆ ወይም እጁ ፈርቶ እሷን ካልጣላት ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ለላቲን ጸሐፊ የቀጭኑ ጭረት ብዙውን ጊዜ የውበት ጉዳይ ነው፤ ለእኛ የትርጉም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቀጭኑን ጭረት ጥርት አድርጎ የማይጥል ብሩሽ ብዕር፣ ወፍራሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለፊደላችን አይሆንም።

በትንሹ ሲጻፍ ችግሩ ቀለበቱ ላይ ነው። የሌ፣ የቴ፣ የሎ፣ የቶ ቀለበት በተራ ደብተር መስመር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ 0.7 ጄል ወይም ወፍራም ፋይንላይነር ሙሉ ነጥብ ያደርገዋል። በጎኑ ላይ ያለው የካዕብና የሣልስ ቅጥያም ከአካሉ ጋር ይዋሃዳል። ለአማርኛ የእጅ ጽሕፈት 0.38 ወይም 0.5 ጄል፣ ከፋይንላይነር 0.3 ገደማ የሆነው የተሻለ ነው። ጃፓኖችም በጣም ቀጭን ጄል የሚወዱት በብዙ ጭረት የተጨናነቀ ፊደል ስለሚጽፉ ነው፤ የእነሱ መደርደሪያ ከአውሮፓው ይልቅ ለእኛ ይስማማል።

ቀይ ቀለምን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቁም ጸሐፊ የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፋል፤ ይህን ልማድ በወረቀት ላይ ለማቆየት የሚፈልግ ወጣት ብዙ አለ። የተለመደው ቀይ እስክሪብቶና ማርከር ግን ከጥቁሩ ቀድሞ የሚከዳ ነው። ጥቁሩ ሊቆይ፣ ስሙ ሊጠፋ ነው ማለት ነው። ቀዩን ከፒግመንት ወገን መምረጥ ከጥቁሩ ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህ ጥበብ ከደብር ወጥቶ ወደ ዘመናዊ ትምህርት መግባቱ ትልቅ ነገር ነበር። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1958 በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይገዙ ብሥራት ቁም ጽሕፈት አስተምረዋል፤ በዚያው ቤት የተማረው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደልን የሥዕሉ ሁሉ አካል አድርጎ በዓለም ታውቋል። ዛሬ በብሩሽ ብዕር ፊደል የሚለማመድ ወጣት ከጃፓንና ከእንግሊዝ መምህራን ቪዲዮ ብቻ ሳይሆን ከነዚህ ሰዎች ሥራ መጀመር ይችላል።

ልጆቻቸውን በውጭ አገር ፊደል ለሚያስተምሩ ወላጆች ቀላሉ መሣሪያ ሰያፍ ጫፍ ያለው ተራ ማርከር ነው። 5 ሚሊ ሜትር ጫፍ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል፣ ትልቅ ወረቀት። ልጁ ሀን ከሐ፣ ወን ከዐ በክብደታቸው ጭምር ይለያል።

ማርከር

የአልኮል ማርከሮች ንጉሥ ኮፒክ ነው፤ የጃፓኑ ቱ ኩባንያ በ1987 ያወጣው፣ ዛሬ 358 ቀለም ያለው። አልኮሉ ቀድሞ የተቀባውን መልሶ ስለሚያሟሟው ንብርብሩ ያለ ድንበር ይዋሃዳል፤ የልብስ ዲዛይነርና የሕንፃ ነዳፊ የሚወደው ለዚህ ነው። ቀለሙ ይሞላል፣ ጫፉ ይቀየራል፤ ውድነቱን ይህ ያካክሰዋል። ግን ቀለሙ ሟሚ ነው፤ ፀሐይ ላይ አይቆይም፤ ወረቀቱንም ወደ ጀርባ ያልፋል። የተሠራበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ወይም ስካን አድርጎ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። በውኃ የሚሠሩት፣ እንደ ቶምቦው ሁለት ጫፍ ያለው ብሩሽ ማርከር፣ ሽታ የላቸውም፣ ጀርባም ብዙ አያልፉም፤ ደጋግሞ ሲቀባባቸው ግን የወረቀቱን ፊት ይፍቁታል። ፖስካ ፒግመንት ያለው የቀለም ማርከር ነው፤ እንጨት፣ ብርጭቆ፣ ድንጋይና ጨርቅ ይቀበሉታል፣ በጥቁር ወረቀት ላይ ነጩ ያምራል። ሻርፒና መሰሎቹ ለካርቶንና ለጀሪካን ናቸው እንጂ ለደብተር አይደሉም።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ግን በጥቂት ቃል የሚታለፍ አይደለም። በዝግጁ ስብስብ ውስጥ የቆዳ ቀለም ተብለው የሚሸጡት ማርከሮች ለረጅም ጊዜ ሮዝማ ነበሩ። የአሜሪካው ክራዮላ አንዱን ክሬዮን የሥጋ ቀለም ብሎ ይጠራ ነበር፤ ስሙን የቀየረው በ1962 ነው፤ 24 የተለያዩ የሰው ቆዳ ቀለሞችን ያቀረበው ደግሞ በ2020 ነው። አሜሪካ የሚያድግ የኛ ልጅ እናቱን ሲሥል የሚይዘው ቀለም መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም። በማርከር ለሚሠራ ሰው ሦስት ቡናማ ይበቃዋል፤ ቀይ የሚያደላ ቀለል ያለ፣ መካከለኛ፣ ጥቁር ቡናማ። ጥላውን በጥቁር ወይም በግራጫ ማጥቆር ፊትን አመድ ያስመስለዋል፤ በቀዝቃዛ ሐምራዊ ወይም በጥቁር ሰማያዊ ስስ ንብርብር ከቡናማው ሥር መቀባት ሕይወቱን ያቆይለታል።

ዕለት ማስታወሻ

ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ለማን እንደሚጽፍ ያስብ። ለራሱ ብቻ ከሆነ የሚወደውን ብዕር ይያዝ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እንዲያነበው ከሆነ ግን ከፒግመንት ጄል ወይም ከፋይንላይነር አይውጣ። ጄል ለእጅ ልስላሴ ወደር የለውም፤ ግን አንዳንዱ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሃይላይተር ሲሄድበት ይቀባባል። ይህ ለግራኝ ሰው ከባድ ነው፤ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ እጁ የጻፈውን ይጠርጋል። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በአንድ ደብተር አማርኛና ዕብራይስጥ ሲጽፉ ነገሩ ይገለበጣል፤ በዕብራይስጡ ገጽ የሚቸገረው ቀኝ እጁን የሚጠቀመው ነው። ለሁለቱም ቶሎ የሚደርቅ ጄል ወይም እስክሪብቶ ይሻላል።

ቀለም የሚሞላ ብዕር ለሚወዱ ሁለት ነገር። የሥዕል ጥቁር ቀለም፣ ቻይና ኢንክ እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠው፣ ውስጡ ሲደርቅ የሚጠነክር ማያያዣ ስላለው ብዕሩን ለዘለቄታው ይደፍነዋል፤ ፈጽሞ አይሞላ። ካርቦን ከተፈለገ ለእነዚህ ብዕሮች ተብሎ የተሠራው የፕላቲነም ካርቦን ቀለም አለ፤ ብዕሩ ግን በየጊዜው በውኃ ይታጠብ፣ ሳይጻፍበት ለሳምንታት አይቀመጥ።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ክፍል አየርም ቢበዛ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ እስኪሳሳ ነው የሚፈቀደው። ስለዚህ ዱባይ ወይም ጅዳ ላይ በግማሽ የተሞላ ብዕር ወደ አዲስ አበባ ሲበር ውስጡ ያለው አየር ይስፋፋና ቀለሙን ወደ ኪስ ይገፋዋል። አዲስ አበባ የተሞላው ግን በበረራው ብዙም አይቸገርም፤ የለመደው አየር ነውና። ከቆላ የሚመጣ ሰው ብዕሩን ሞልቶ ወይም ፈጽሞ አፍስሶ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ይያዝ።

ከምን ይጀመር?

ለጀማሪ ባለ 48ና ባለ 72 የማርከር ሣጥን መግዛትን አልመክርም። ከሣጥኑ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚሠራባቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሌሎቹ ሳይነኩ ይደርቃሉ። ተተኪ ቀለም ወይም ተቀያሪ ጫፍ በቅርብ የማይገኝለት ውድ ብዕርም እንዲሁ፤ መርካቶም ሆነ የአሜሪካው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሱቁ ውስጥ መሙያው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ከዋጋው ይቀድማል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ ምን ላምጣ ሲል አንድ ትልቅ ሣጥን ከማለት ይልቅ ሦስት ጥቁር ፒግመንት ብዕርና መሙያ ማለት ይሻላል።

በጥቂት ገንዘብ የሚጀምር ሰው፣ ከፒግመንት ወገን 0.2ና 0.5 ፋይንላይነር፣ አንድ ቀይ ፒግመንት ብዕር፣ አንድ ጠንካራ ጫፍ ያለው ብሩሽ ብዕር ይግዛ። የተረፈውን ገንዘብ በሙሉ ቀለም በማያሳልፍ ደብተር ላይ ያውለው፤ ማርከሩ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል።